ባሕር አይታ የማታውቅ ልጅ መርከበኛ ስትሆን

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ መሆኗን የአገሩ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይናገረዋል። ይናገረዋል እንጂ ያ «የባሕር ወለል» የተባለው ነገር ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያየ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። እናቶቻቸውም አላዩትም። የደብረ ብርሃን ሰው የሚያውቀው ውሃ በሬሳን ነው፤ እርሱም ቢሆን በክረምት ካልሆነ በቀር የሚያስፈራ ወንዝ አይደለም።

ታዲያ ከዚህ ቀዝቃዛ ደጋ የተገኘች፣ ምህንድስና ተምራ የተመረቀች ልጅ አንድ ማታ ወደ ቤት ገብታ «እማዬ፣ የመርከብ ሥልጠና ልገባ ነው» ብትል የእናት ልብ ምን ይል ይሆን? ይህ ለጨዋታ የቀረበ ጥያቄ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን እየተቀበለ ለመርከብ መኮንንነት ማዘጋጀት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ የወጡ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር ኩባንያዎች የንግድ መርከቦች ላይ ይሠራሉ። አገራችንም ብትሆን የራሷን የንግድ መርከብ ድርጅት ያቋቋመችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ወደብ አልባ ከሆነች በኋላም «ጊቤ»፣ «ሸበሌ» እያለች በወንዞቿ ስም የሰየመቻቸው መርከቦች በጅቡቲ በኩል ጭነት ሲያመላልሱ ኖረዋል።

በፋብሪካ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት የደብረ ብርሃን እናት ስለዚሁ ጉዳይ ሲያማክሩን ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ልጄን የምሰጣት ለሥራ ነው ወይስ ለውሃ?» አሉ። ፍርሃታቸው የሚያሳፍር አይደለም። ሆኖም ጀማሪ መርከበኛን የሚጥላትም የሚያቆማትም ብዙ ጊዜ ማዕበሉ አይደለም። በእጅ የሚለመዱ፣ በአፍ የሚነገሩ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ከእነዚህም ግማሹን አንዲት የደጋ እናት ሳታውቀው ለልጇ ስታስተምር ኖራለች። ቀሪውን ደግሞ ልጅቱ ከቤት ሳትወጣ መጀመር ይቻላል።

ባሕር ለሰሜን ሸዋ ሰው ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለትም ትክክል አይመስለንም። አንኮበር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ከእግሩ ሥር ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን ገደል ያያል። ያ ቁልቁለት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የባሕር መንገድ ነበር። ከታጁራ የተነሣ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ በዓልዩ አምባ ገበያ በኩል ይወጣ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. በሻምበል ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ከኤደን በመርከብ ታጁራ ደርሶ፣ ከዚያ በግመል ለሳምንታት ተጉዞ ነው ወደ ሸዋ የመጣው። ባሕሩ ወደ አንኮበር ሲመጣ ኖሯል እንግዲህ፤ አሁን ተራው የልጆቻችን ሆኖ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ጀማሪን ከማንም ቀድሞ የሚፈትናት ማቅለሽለሽ ነው። ይህን ለመረዳት ባሕር መሄድ አያሻም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና በአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ከኋላ የተቀመጠው ፌስታል ይፈልጋል፤ ሎሚ የምታሸት አለች፤ መስኮት ክፈቱ የሚል አለ፤ ብርድ ገባ ዝጉ የሚል አለ። ሾፌሩ ግን አንድ ቀንም ሲያስመልሰው አይታይም። ነገሩ እንዲህ ነው። በጆሮአችን ውስጥ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ፤ እርሱ መዞሩንም መውረዱንም ይሰማል። ዓይናችን ግን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ብቻ ስለሚያይ «አልተንቀሳቀስንም» ይላል። አንጎል በሁለቱ ተቃራኒ ወሬ መካከል ግራ ሲጋባ ሆድ ይታወካል። ሾፌሩ መንገዱን እያየ ስለሚነዳ ዓይኑና ጆሮው ይስማማሉ።

በመርከብ ላይም መድኃኒቱ ከዚህ አይርቅም። ወደ ውጭ ወጥቶ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መሥመር አተኩሮ መመልከት፤ መርከቡ እምብዛም በማይናወጥበት በመካከለኛው ክፍል መሆን፤ ሆድን ባዶ አለማድረግ፤ ደረቅ ነገር እየቆረጠሙ ውሃን በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት። ዳቦ ቆሎ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የሚዋጥ ክኒንም አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው አስቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ አንዳንዱም እንቅልፍ ያመጣልና በመሣሪያ ላይ የምትሠራ ልጅ ሐኪም ሳታማክር ልትወስደው አይገባም። አብዛኛው ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይለምደዋል። የማይለምድም አለ። ስሙ በዓለም የታወቀው የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን እንኳ የባሕር ሕመም ሳይለቀው ነው በመርከብ የኖረው። ስለዚህ ልጅዎ በመጀመሪያው ስልክ «ሞትኩ እማዬ» ብትልዎ «ተመለሽ» ለማለት አይቸኩሉ።

ገመድን በሚመለከት ደጋው ከባሕሩ ሰው የሚያንስ አይመስለንም። አህያ የሚጭን፣ ጭድ የሚያስር፣ ጥጃ የሚቀጥል ሰው የቋጠሮን ነገር ያውቃል። ሆኖም የአብዛኞቻችን ቋጠሮ አንድ ጉድለት አለበት፤ ሲሳብ ወይ ይጠብቅና በጥርስ ካልሆነ አይፈታም፣ ወይ ይንሸራተትና ያንቃል። መርከበኞች ለዘመናት የሚጠቀሙበት አንድ ቋጠሮ ግን ቀለበቱ አይጠብቅም፣ አይከፈትም፣ ጭነቱ ሲነሣለት በጣት ይፈታል። ዛሬ ማታ በወጥ ቤት ገመድ ሊሞክሩት ይችላሉ። ረጅሙን የገመድ ወገን በግራ እጅዎ፣ ጫፉን በቀኝ እጅዎ ይያዙ። ረጅሙ ወገን ላይ ትንሽ ቀለበት ያብጁ፤ ወደ ጫፉ የሚሄደው ገመድ ከላይ ይተኛ። ጫፉን በዚያ ቀለበት ውስጥ ከታች ወደ ላይ ያውጡት፤ በረጅሙ ወገን ጀርባ ያዙሩት፤ ከዚያም በወጣበት ቀለበት መልሰው ወደ ታች ያስገቡት። አሁን ሁለቱንም ወገን ይሳቡ። የወንበር እግር ዙሪያ እየደጋገመች፣ በኋላም ዓይኗን ጨፍና ትሥራው። በጨለማና በዝናብ መሥራት ካልቻለች አላወቀችውም ማለት ነው። የጥጃ አንገት ላይ ቢውልም ጥጃው አይታነቅም፤ ይህንን ለገጠር ዘመድዎ ጭምር ሊያሳዩለት ይችላሉ።

«ልጄ የምትመደበው ሞተር ክፍል ነው፤ ገመድ ምን ያደርግላታል?» የሚሉ ይኖራሉ። በሞተር ክፍልም ከባድ ዕቃ ይነሣል፣ ይታሠራል፤ የሕይወት ማዳኛ ጀልባም ሲወርድ ሁሉም ሰው ገመድ ይይዛል። በእንግሊዝ አገር ባለሸራ ጀልባ ላይ ለመሥራት የሚፈልግ ጀማሪ የሚወስደው የመጀመሪያ ትምህርት አምስት ቀን የሚፈጅ ነው። በእነዚያ አምስት ቀናት የሚማረውም ይኸው ነው፦ ገመድ መያዝና መቋጠር፣ ሸራ መሳብና ማላላት፣ መሪ መጨበጥ፣ ተራ ጠብቆ መቆም፣ ውሃ የገባን ሰው ማውጣት። መርከቡ በሸራ ይሂድ በናፍጣ፣ የጀማሪ ፊደል አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከቋጠሮ በፊት ይቅደም። ገመድን በእጅ ላይ መጠቅለል፣ በተጠመጠመ ገመድ መካከል እግርን ማሳረፍ ፈጽሞ አይገባም። የበሬውን ገመድ እጁ ላይ ጠቅልሎ የተጎተተ እረኛ ልጅ በየመንደሩ አለ። መርከብ በወደብ የሚታሠርበት ገመድ ደግሞ ሲወጠር ከበሬው የቱን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም፤ ከተበጠሰም ተመልሶ የሚገርፈው ፊት ለፊቱ የቆመውን ነው።

አሁን የምንናገረው ከሁሉ ይበልጥብናል። ልጆቻችንን ስናሳድግ ታላቅ ሲናገር ዝም ብለው እንዲሰሙ፣ ዝቅ ብለው «እሺ» እንዲሉ እናስተምራለን። ጨዋነቱ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህች «እሺ» ውስጥ ስንት ነገር ተደብቆ ይኖራል? ገብቶኛል ማለት ትሆናለች፤ አልገባኝም ግን አፈርኩ ማለትም ትሆናለች፤ ሰምቻለሁ፣ አላደርገውም ማለትም አንዳንዴ ትሆናለች። በመርከብ ላይ ይህች «እሺ» ሰው ትገድላለች። አለቃው «ሁለተኛውን ቫልቭ ዝጊ» ሲል ጀማሪዋ «ሁለተኛውን ቫልቭ እዘጋለሁ» ብላ በድምፅ መድገም አለባት፤ ከዘጋችም በኋላ «ሁለተኛው ቫልቭ ተዘግቷል» ማለት አለባት። ያልገባት እንደሆነ አንገቷን ቀና አድርጋ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም፣ ግዴታ ነው። መርከቡ ላይ የፊሊፒንስ ሰው፣ የሕንድ ሰው፣ የዩክሬን ሰው በአንድ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሁሉም በየራሱ ቅላፄ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ መደጋገሙ ከሌለ ሥራው አይሄድም።

ይህም ቢሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። ድሮ እናቶቻችን ልጅ ወደ ጎረቤት ሲልኩ «ምን አልኩሽ? እስቲ ድገሚልኝ» ይሉ ነበር። ልጂቱ «እትዬን ‹ወንፊቱን ይላኩልን፣ ማታ እንመልሳለን› በያቸው ብለውኛል» ብላ ካልደገመች ከደጃፍ አትወጣም። ይህ ልማድ በስልክ ምክንያት እየተረሳ ነውና ወደ ቤት ቢመለስ ለመርከቧም ለቤቷም ይጠቅማል። ልጅዎ «አልገባኝም» ስትልዎ የሚቆጡ ከሆነ ግን መተው የሚኖርብዎ እርስዎ ነዎት።

የሴት ልጅ ነገር ተነሥቶ ሳለ አንድ ታሪክ እናስታውስ። ትሬሲ ኤድዋርድስ የተባለች እንግሊዛዊት ከትምህርት ቤት ተባርራ፣ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ስትንከራተት ቆይታ በመዝናኛ ጀልባ ላይ በአስተናጋጅነት ተቀጠረች። በ1985 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ዓለምን በሸራ የመዞር ውድድር ላይ ከወንዶች ጋር የተሳፈረችው በወጥ ቤት ሠራተኛነት ነበር። ምግብ እያበሰለች ሥራውን በዓይኗ ተማረችው። ከዚያም «ሜይደን» የተባለች አሮጌ ጀልባ ገዝታ አደሰች። በ1989 እ.ኤ.አ. በተጀመረው በዚያው ውድድር በሴቶች ብቻ የተሞላ ቡድን መርታ ወጣች። የሚስቁባት ብዙዎች ነበሩ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በሕይወት አይመለሱም ያለም አልጠፋም። በ1990 እ.ኤ.አ. ሲመለሱ ከጉዞው ክፍሎች ሁለቱን በምድባቸው አሸንፈው፣ በአጠቃላይ ውጤት ከምድቡ ሁለተኛ ሆነው ነበር። ሴቶች ዛሬም በባሕር ሥራ ጥቂት ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ሪፖርት በንግድ መርከቦች ላይ ያሉትን ሴቶች 24,059 አድርሷቸዋል፤ ይህም ከመርከበኛው ሁሉ ከመቶ 1.28 ብቻ ነው።

ጥቂት መሆን የራሱ ችግር አለበት፤ ልንሸፋፍነው አንወድም። በወንዶች መካከል ለወራት ብቻዋን የምትሠራ ሴት ነገረኛ ሊገጥማት ይችላል። በዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሥልጠና ደንብ ላይ በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቃትንና ጾታዊ ትንኮሳን የመከላከል ትምህርት ለማንኛውም መርከበኛ ከሚሰጠው መሠረታዊ ሥልጠና ውስጥ እንዲገባ ተወስኗል። ልጅዎ ከመሳፈሯ በፊት አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ፣ በመርከቡ ላይና በኩባንያው ቢሮ ተጠሪው ማን እንደሆነ ጠይቃ በጽሑፍ ትያዝ። የመኝታ ክፍሏን በር መቆለፍ ነውር አይደለም። የደኅንነት ልብስና ጫማም በሴት ልክ መቅረብ እንዳለበት የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ማሻሻያ ያዛል፤ በትልቅ ቡትስ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ መሰላል የምትወጣ ልጅ መውደቋ አይቀርም። የወር አበባ መጠበቂያዋን ደግሞ ለወራት የሚበቃ አድርጋ ከአገር ትያዝ፤ በመርከብ ሱቅ የለም።

በፈረቃ የሚሠሩ እናቶች ለልጃቸው የሚያስተምሩት ሌላው ነገር እንቅልፍ ነው። መርከብ ሌሊት አይቆምም። በብዙ መርከቦች አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት የማረፍ ተራ አለ፤ ይህም በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። በሌሎች ደግሞ ቀን ተሠርቶ ማታ ለማንቂያ ደወል ተጠባባቂ መሆን አለ። ሕጉ ለመርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል፤ የዕረፍቱም ሰዓት በመዝገብ ተጽፎ ሠራተኛዋ ትፈርምበታለች። ያላረፈችውን አርፌአለሁ ብላ እንዳትፈርም አደራ ይበሏት። እርስዎ የሌሊት ፈረቃ ገብተው ጧት ሲመለሱ እንዴት እንደሚተኙ ያውቁታል፤ መጋረጃውን መዝጋት፣ ተራው ሊያልቅ ሲል ቡና አለመጠጣት፣ እግርን አሙቆ መተኛት፣ ጎረቤት ሲጠራ አለመነሣት። ይህ ዕውቀት በማሠልጠኛ ደብተር ላይ እምብዛም አይጻፍም። የሞተር ክፍሉ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላልና በደጋ ብርድ ያደገች ልጅ ውሃ በብዛት መጠጣትን መልመድ ይኖርባታል፤ የጆሮ መከላከያም እንዳታወልቅ።

ወደ ዋናው እንምጣ። እዚያው በበሬሳ ወንዶቹ ሲንቦጫረቁ ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፤ መዋኘት የሚችል የደብረ ብርሃን ልጅ ጥቂት ነው፣ ሴት ደግሞ ከጥቂት ያነሰች ናት። ማንኛውም መርከበኛ ከመሳፈሩ በፊት በውሃ ላይ በሕይወት መቆየትን፣ እሳት መከላከልና ማጥፋትን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታንና የግል ደኅንነትን መሠልጠን አለበት። ከፍ ካለ ቦታ በሕይወት ማዳኛ ጃኬት ወደ ውሃ ይዘላል፤ የተገለበጠ የጎማ ጀልባ ይመልሳል። ይህን በመጀመሪያ ቀን ከምትደነግጥበት ቀደም ብላ በአስተማሪ እጅ በመዋኛ ትጀምር። መጀመሪያ የሚለመደው ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ትንፋሽን ማውጣት፣ ቀጥሎም በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍ ነው። ፍጥነት በኋላ ይመጣል። ያለ አስተማሪ በወንዝና በኩሬ መሞከር ግን አይገባም።

ባሕር ዳር ስትደርስ የጣና ታንኳ ያያታል። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ውሃ ላይ ያላቸው ሚዛን የሚያስቀና ነው። እነርሱን አይታ ቆሜ ልቅዘፍ ማለት ግን የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ በትንሽ ጀልባ ጀማሪ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፣ ከቦታዋ ስትነሣ ትናገራለች፣ በአንድ እጇ ጀልባውን ትይዛለች። እርስዎም ልጅዎን ሊጠይቁ ሄደው ወደ ደሴቶቹ በሞተር ጀልባ ቢሻገሩ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይጠይቁ፤ ተቀምጠውበት ሳይሆን ለብሰውት፣ ማሠሪያውንም አስረው።

ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ የሚደረገውን ቤተሰቡ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅማል። ያየችው ልጅ ባለ በሌለ ድምፅዋ ትጮኻለች፤ ተንሳፋፊ ቀለበት ትወረውራለች፤ ከዚያም ጣቷን ወደ ወደቀው ሰው ቀስራ ዓይኗን ከእርሱ ላይ አታነሣም፤ ሌላ ሥራ እንድትሠራም አትታዘዝም። በማዕበል መካከል የሰው ራስ ከቅል አይበልጥም፤ ለአፍታ ዞር ያለ ዓይን ዳግመኛ አያገኘውም። ሰባት አጭር፣ በመጨረሻ አንድ ረጅም ጩኸት የሰማች እንደሆነም ያ አጠቃላይ የአደጋ ጥሪ ነውና ጃኬቷን ይዛ ወደ ተመደበላት ቦታ ትሮጣለች። ጥሪው ለልምምድ ይሁን ለእውነት በዚያ ሰዓት አይጠየቅም።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ ያለማመደች እናት የቀራት ጠላት ባሕሩ አይደለም፣ ደላላው ነው። «በሁለት ሳምንት መርከብ አስገባለሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ሰው በራችሁን ካንኳኳ ሻይ እንኳ አይቅረብለት። የ2006 እ.ኤ.አ. የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ሥራ ለማስገኘት ከመርከበኛው ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርትን፣ የመርከበኛ ደብተርንና የሕክምና ምስክር ወረቀትን የመሰለውን ወጪ ነው። የሥልጠና ክፍያ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ቢሆን አሁን የሚከፈል ይሁን ኋላ ከደመወዝ የሚቆረጥ፣ መጠኑና ጊዜው በጽሑፍ ይታይ። የሥራ ውሉን ልጅዎ ብቻዋን ቸኩላ እንዳትፈርም፤ በቤት ተቀምጣችሁ ቃል በቃል አንብቡት። ደመወዙ ስንት ነው፣ ለቤተሰብ የሚላከውስ በምን መንገድ ነው፣ ብትታመም ማን ያሳክማል፣ ውሉ ስንት ወር ነው፣ ሲያልቅ የመመለሻ ትኬቱን ማን ይቆርጣል? የመጨረሻው የባለመርከቡ ግዴታ ነው። ልብ ይበሉ፣ ዓይኗም አስቀድማ ትመርመር፤ የቀለም መለየት ጉድለት የተገኘበት ሰው ከአንዳንድ የመርከብ ሥራ ስለሚከለከል ከወጪው በኋላ ከማዘን በፊት ማወቁ ይሻላል።

ስንቅን በተመለከተ እናቶች እጃቸውን መሰብሰብ እንደማይችሉ እናውቃለን። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬና ሽሮ በደንብ ታሽገው ሊሄዱ ይችላሉ። ቋንጣና ቅቤ ግን ይቅሩ፤ ብዙ አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በወደባቸውና በአውሮፕላን ጣቢያቸው ይወስዳሉ፣ አንዳንዶችም ይቀጣሉ። የመርከቡ ወጥ ቤት የአሳማ ሥጋ ሊያቀርብ ይችላል፤ የምትጾም ልጅ ወይም የማትበላው ነገር ያላት ልጅ በተሳፈረችበት ቀን ለወጥ ቤቱ ኃላፊ በትሕትና ብትነግረው ይሻላል። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም ከአንድ ወጥ ቤት በቀር ሌላ በሌለበት ቦታ ጥሩ ጎረቤትነት አይደለም።

ስልክ በባሕር መካከል እንደ ቤት አይገኝም። መርከቦች ኢንተርኔት እያስገቡ ቢሆንም ሊቋረጥ፣ ሊወደድ ይችላል። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ተስማሙ፤ ከየትኛው ወደብ ተነሥታ መቼ የትኛው ወደብ እንደምትደርስ ትንገርዎ፤ በመካከሉ ዝም ብትል ክፉ ወሬ አይደለም። የፓስፖርቷና የውሏ ቅጂ በቤት ይቀመጥ። የመርከቡን ስም ብቻ መያዝ ግን አይበቃም፤ መርከብ ሲሸጥ ስሙም ባንዲራውም ይለወጣል። የማይለወጠው ከመርከቡ ገላ ላይ የተጻፈው ሰባት አኃዝ ያለው ዓለም አቀፍ ቁጥር ነው። እርሱን ከኩባንያው ስልክ ቁጥር ጋር በትልቁ ጽፈው በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ ይለጥፉት፤ እርስዎ ሥራ ላይ ሳሉ ታናናሾቿም ሊያነቡት ይችላሉ።